ቻርቱ እዚህ፣ ዕቃው እዚያ

በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ሊያልቅ ህዳር ሊገባ ሲል፣ በ11 ቀናት ውስጥ ሦስት ነገሮች ሆኑ። ጥቅምት 23 ቀን፣ የዓለም ፕሮግራመሮች ኮንቴይነር የሚያወርዱበት ትልቁ ማከማቻ ዶከር ሃብ፣ ሳይመዘገብ የሚጠቀም ሰው በ6 ሰዓት ውስጥ ከ100 ጊዜ በላይ እንዳያወርድ ገደብ ማስፈጸም ጀመረ። ጥቅምት 25 ቀን የትግራይ ጦርነት ሲፈነዳ የመቀሌ ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጠ። ህዳር 4 ቀን ደግሞ የዚህ ምዕራፍ ባለጉዳይ የሆነው ሄልም የሚባለው ፓኬጅ ማኔጀር ሁለተኛ እትሙን ጡረታ አወጣ። በዚያው ቀን «ስቴብል» የሚባለው ትልቁ የጋራ ማከማቻውም መታደሱን አቆመ።

የመጀመሪያውና የመጨረሻው የሶፍትዌር ዓለም ተራ ማስታወቂያዎች ናቸው፤ መሀል ላይ ያለው ሰው የረገፈበት ጦርነት ነው። ጎን ለጎን ያስቀመጥኳቸው እኩል ስለሆኑ አይደለም። ፓኬጅ ማኔጀር ምን እንደሚሠራ፣ በተለይም ምን እንደማይሠራ፣ ከእነዚህ 11 ቀናት የበለጠ የሚያሳይ ነገር ስለማላውቅ ነው።

ከኮንቴይነሩ እንጀምር። ከዳሎል ሜዳ የሚቆረጠው አሞሌ ጨው ወደ መቀሌ ገበያ ሲመጣ የኖረው አንድ ወጥ ቅርፅ ይዞ ነው። ቅርፁ ስለሚታወቅ የትኛውም ግመል ይሸከመዋል፣ የትኛውም ነጋዴ ሳይመዝን ይቆጥረዋል፤ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ገንዘብ ሆኖ ያገለገለውም በዚሁ ምክንያት ነው። የሶፍትዌር ኮንቴይነርም እንዲሁ የአንድን ፕሮግራም ኮድ፣ ፕሮግራሙ የሚፈልጋቸውን ላይብረሪዎችና የፋይል ሥርዓቱን አንድ ወጥ ቅርፅ አስይዞ ይቆርጣል። የተቆረጠው ነገር ኢሜጅ ይባላል። ዶከር እ.ኤ.አ. በ2013 ይህን አሠራር ለሁሉም ከከፈተ ወዲህ «እኔ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል እኮ» የሚለው የፕሮግራመሮች ሰበብ ብዙ ቀነሰ።

አንድ ኮንቴይነር ማስነሳት ቀላል ነው። ችግሩ የሚመጣው ሃምሳውን በአሥር ሰርቨሮች ላይ ማስነሳት፣ የሞተውን መተካት፣ የተጨናነቀውን ማብዛት ሲያስፈልግ ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2014 በክፍት ምንጭ የለቀቀው ኩበርኔቲስ ለዚህ የተሠራ ነው። ኩበርኔቲስን «ይህን አድርግ» ብለው አያዙትም፤ «እንዲህ ሆኖ ማየት እፈልጋለሁ» ብለው ይጽፉለታል፣ እሱም ያ እስኪሆን ድረስ ይሠራል። የሚጻፈው ያምል በሚባል ቅርፅ ነው። ለአንድ መካከለኛ ድረ ገጽ አንዱ ፋይል ስንት ቅጂ እንደሚሠራ፣ ሌላው በየትኛው በር እንደሚገባ፣ ሌላው የይለፍ ቃሉ የት እንዳለ፣ ሌላው ለዳታቤዙ ስንት ጊጋባይት ዲስክ እንደሚመደብ ይናገራል። መቶ መስመር ሲሆን ይቻላል። ሺህ መስመር ሲሆን፣ ያውም ለሙከራ አንድ፣ ለእውነተኛው ሥራ አንድ ሲገለበጥ፣ ክፍተት በሁለት ቦታ ተሳስቶ የገባበትን መስመር ፍለጋ የሚነጋበት ሰው ይኖራል።

ሄልም የመጣው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ዴይስ በሚባል አነስተኛ ኩባንያ ውስጥ ተጀመረ፤ በዚያው ዓመት ህዳር ሳን ፍራንሲስኮ በተደረገው የመጀመሪያው የኩበርኔቲስ ጉባኤ ላይ ታየ። ብዙም ሳይቆይ ከጉግል ተመሳሳይ ሥራ ጋር ተዋህዶ ሁለተኛ እትሙ ወጣ። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2017 ዴይስን ሲገዛ ሄልም አብሮ አልተሸጠም ማለት ይቻላል፤ በዓመቱ በሊኑክስ ፋውንዴሽን ሥር ወዳለው የክላውድ ኔቲቭ ኮምፒዩቲንግ ፋውንዴሽን ገባ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ሚያዝያ ላይም በዚያ ተቋም «ተመራቂ» ለመባል በቃ። ማንም ሰው ኮዱን አውርዶ ማየት፣ መለወጥና መጠቀም ይችላል።

የሄልም ጥቅል ቻርት ይባላል። ሲፈቱት ተራ ፎልደር ነው። የቻርቱን ስም፣ የእትሙን ቁጥርና የሚመካባቸውን ሌሎች ቻርቶች የሚዘረዝር አንድ ፋይል አለ። ባዶ ቦታ ያላቸው የያምል ቴምፕሌቶች አሉ። ባዶ ቦታዎቹን የሚሞላ «ቫልዩስ» የተባለ ፋይል አለ። ቻርቱን የጻፈው ሰው ማሰብ ያለበትን አስቦ፣ እርስዎ ሊቀይሩት የሚገባውን ብቻ አውጥቶ ያስቀምጥልዎታል፤ የድረ ገጹን አድራሻ፣ የቅጂውን ብዛት፣ የዲስኩን መጠን። «ሄልም ኢንስቶል» ሲሉ ቴምፕሌቱና ቫልዩሱ ይዋሃዱና የተሟላው ያምል ወደ ኩበርኔቲስ ይላካል። የተጫነው ነገር «ሪሊዝ» ይባላል፣ በተሻሻለ ቁጥርም ተራ ቁጥር ይሰጠዋል። አምስተኛው ማሻሻያ ከተበላሸ «ሄልም ሮልባክ» ብሎ ወደ አራተኛው መመለስ ይቻላል፤ ሄልም የእያንዳንዱን ተራ ቁጥር ያምል ክላስተሩ (ኩበርኔቲስ የሚያስተዳድራቸው ሰርቨሮች ስብስብ) ውስጥ መዝግቦ ስለሚይዝ ነው።

በሁለተኛው እትም ይህን መዝገብ የሚይዘው ቲለር የሚባል ፕሮግራም ክላስተሩ ውስጥ የሚኖር ነበር፤ ብዙ ቦታ ላይም የሁሉም ነገር ሥልጣን ተሰጥቶት ይቀመጥ ነበር። ወደ ቲለር የደረሰ ሰው ወደ ክላስተሩ ሁሉ ደረሰ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ህዳር የወጣው ሦስተኛ እትም ቲለርን ጨርሶ አስወገደው፤ ሄልም አሁን የሚሠራው በሚያዘው ሰው ሥልጣን ልክ ነው። ለእኔ በሄልም ታሪክ ውስጥ የተሻለው ውሳኔ ይህ ነው፣ ምንም አዲስ ነገር ሳይጨምር።

አሁን መጠኑን ልብ እንበል። አንድ ቻርት ሲጠቀለል አብዛኛውን ጊዜ በአሥር ቤት በሚቆጠር ኪሎባይት ያልቃል፤ በደካማ የሞባይል ኔትወርክም ዓይን ሳይጨፈን ይወርዳል። በውስጡ ግን ፕሮግራሙ የለም። ያለው የፕሮግራሙ አድራሻ ነው፤ ኢሜጁ በየትኛው ሬጂስትሪ (የኢሜጅ ማከማቻ)፣ በምን ስም፣ በየትኛው መለያ እንደሚገኝ። ኢሜጁ ራሱ በመቶዎች ሜጋባይት ሊመዝን ይችላል፤ የሚገኘውም ብዙ ጊዜ ከአገር ውጭ ነው። ለዚህም ነው «ቻርቱን ፍላሽ ላይ ይዤዋለሁ» የሚል ባለሙያ ምንም ላይዝ የሚችለው።

መቀሌ ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ በምሳሌ እንየው። እንዳየሱስ በሚገኘው የዩኒቨርሲቲው ግቢ ሦስት ሰርቨሮች ያሉት ኩበርኔቲስ ክላስተር አለ እንበል፤ ላዩ ላይ ተማሪዎች ትምህርት የሚከታተሉበት ሙድል በሄልም ተጭኗል፣ ከሥሩ ማሪያ ዲቢ የሚባለው ዳታቤዝ። እንዲህ ያለ ክላስተር ነበር ማለቴ አይደለም፤ ቀኖቹ ግን እውነተኛ ናቸው።

ጥቅምት 25 ኢንተርኔት ሲቋረጥ ምንም አይሆንም። ይህ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነው። ኢሜጆቹ አስቀድመው ሰርቨሮቹ ዲስክ ላይ ወርደዋል፣ ሙድል ይሠራል፣ የግቢው ውስጥ ኔትወርክ እስካለ ተማሪው ይገባል። ሄልም ራሱ ከጫነ በኋላ ሥራ የለውም፤ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ፕሮግራም አይደለም።

ችግሩ መብራት ሲጠፋ ይጀምራል። መቀሌ በዚያ ጊዜ ያጣችው ኔትወርክ ብቻ አልነበረም። ሰርቨሩ ጠፍቶ ሲነሳ ኩበርኔቲስ እያንዳንዱን ኮንቴይነር እንደ አዲስ ያስነሳል፤ ከማስነሳቱ በፊት ከቻርቱ በወጣው ያምል ውስጥ «ኢሜጅ ፑል ፖሊሲ» የተባለችውን አንዲት መስመር ያያል። «ከሌለ አውርድ» የሚል ከሆነ ዲስኩ ላይ ያለውን ይጠቀማል። «ሁልጊዜ» የሚል ከሆነ ግን ሬጂስትሪውን ሳይጠይቅ አይንቀሳቀስም። ኢሜጁ ዲስኩ ላይ ሙሉ ለሙሉ ተቀምጦ እያለ፣ ሬጂስትሪው ስላልመለሰለት ብቻ «ኢሜጅ ፑል ባክ ኦፍ» የሚል መልእክት ይጽፍና እየቆየ፣ እየቆየ እንደገና ይሞክራል። የቻርቱ ጸሐፊ መለያውን «ሌተስት» ብሎ ፖሊሲውን ሳይጽፍ ከተወው፣ ኩበርኔቲስ በራሱ «ሁልጊዜ» ብሎ ይሞላለታል። አንድ ቃል ባለመጻፉ ሙድል አይነሳም።

ከሦስቱ ሰርቨሮች አንዱ ቢቃጠል ሌላ ወጥመድ አለ። ኩበርኔቲስ የሞተውን ሥራ ወደ ሁለቱ ያዞረዋል፤ የዞረበት ሰርቨር ግን ያንን ኢሜጅ ከዚህ በፊት አውርዶት ላያውቅ ይችላል። ዲስክ ከ85 በመቶ በላይ ሲሞላም በነባሩ ቅንብር ሥራ ላይ ያልዋሉ ኢሜጆች ይሰረዛሉ፤ ኢንተርኔት ባለበት አገር ይህ ጽዳት ነው፣ በተቆረጠ ከተማ ግን የማይተካ ዕቃ መጣል ነው። ዓመት ሲሞላ ደግሞ፣ ክላስተሩ ኩብ አድም በሚባለው መደበኛ መሣሪያ የተተከለ ከሆነ፣ ክፍሎቹ እርስ በርስ የሚተዋወቁበት ሰርተፊኬት ጊዜው ያልፍበታል። እትም ሲያሻሽሉ አብሮ ስለሚታደስ ብዙ ሰው መኖሩንም አያውቅም። ያላሻሻለ ሰው ጥቅምት 2014 አካባቢ ክላስተሩ ትእዛዝ አልቀበልም ሲለው ያገኘዋል። ይህ ግን ያለ ኢንተርኔት በጥቂት ትእዛዞች የሚፈታ ነው፤ ትእዛዞቹን የሚያውቅ ሰው ካለ፣ መመሪያውም ኢንተርኔት ላይ ብቻ ካልሆነ።

የስልክ ድምፅ መሀል ላይ ለጥቂት ወራት ተመልሶ እንደገና ጠፋ፤ ኢንተርኔት ግን ለአብዛኛው የመቀሌ ነዋሪ የተመለሰው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተፈረመው የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ፣ ቀስ በቀስ ነው። በመሀሉ ቴሌብር አገሪቱ ላይ ሥራ ጀምሯል፣ ሳፋሪኮም ገብቷል። የኮንቴይነሩ ዓለምም አልቆመም። ከ2.17 በፊት ያሉት የሁለተኛው ሄልም እትሞች የስቴብል ማከማቻን አሮጌ አድራሻ በሆዳቸው ይዘው ነበር፤ አድራሻው ተዘግቷል። ኩበርኔቲስ 1.22 ድረ ገጽን ወደ ውጭ የሚከፍተውን «ኢንግረስ» የሚባል ክፍል አሮጌ አጻጻፍ መቀበል አቁሟል። 1.24 ከዶከር ጋር ያገናኘው የነበረውን ድልድይ አፍርሷል። 1.25 አንድ ሙሉ የደኅንነት ሥርዓት አውጥቶ ጥሏል። መጋቢት 25 ቀን 2015 ዓ.ም. የኩበርኔቲስ የራሱ ኢሜጆች የሚወርዱበት አሮጌ ሬጂስትሪ አዲስ ነገር መቀበል አቁሞ ሥራው ወደ ሌላ አድራሻ ዞሯል።

እያንዳንዱ ለውጥ ከወራት በፊት ተነግሯል፣ የተደረገበት ምክንያትም ተጽፏል። ያስጠነቀቁትም በኢሜይልና በድረ ገጽ ነው።

እዚህ ላይ ሄልም አንድ የሚያናድድ ጠባይ አለው። ቀደም ሲል እንዳልኩት የጫነውን ያምል ተራ ቁጥር ሰጥቶ ይመዘግባል። ክላስተሩን ወደ 1.22 አሻሽለው ቀጥለው ሙድልን በአዲስ ቻርት ላድስ ቢሉ፣ ሄልም መጀመሪያ አሮጌውን መዝገብ ገልጦ ከአዲሱ ጋር ሊያነጻጽር ይሞክራል፤ መዝገቡ ውስጥ ክላስተሩ ከእንግዲህ የማያውቀው አጻጻፍ አለና ይቆማል። አዲሱ ቻርት ምንም ስህተት የለበትም። የሚከለክለው ያለፈው ነው። መዝገቡን ፈልቅቆ የሚያርም ተጨማሪ መሣሪያ የሄልም ማኅበረሰብ ሠርቷል፤ ትክክለኛው መንገድ ግን ቻርቱን ቀድሞ፣ ክላስተሩን ኋላ ማደስ ነበር። ሁለት ዓመት ተኩል ዘግይቶ ለደረሰ ሰው ቅደም ተከተሉ አስቀድሞ ተበላሽቷል።

ጉዳዩ የአንድ ከተማ ብቻ እንዳይመስል፣ ወደ አዲስ አበባ እንሂድ። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የቆመው ፋይዳ መታወቂያ የተመሠረተው ሞሲፕ በሚባል የክፍት ምንጭ ሥርዓት ላይ ነው። ሞሲፕ እ.ኤ.አ. በ2018 በህንድ ባንጋሎር ከሚገኘው የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ተቋም የተነሳ ነው፤ ሞሮኮና ፊሊፒንስም ተጠቅመውበታል። ሥርዓቱ አንድ ትልቅ ፕሮግራም አይደለም፣ በደርዘን የሚቆጠሩ ትናንሽ አገልግሎቶች ነው፤ ከሥራቸው ደግሞ ፖስትግሬስ፣ ካፍካ፣ ኪክሎክ የሚባሉ የሌሎች ሰዎች ሥራዎች አሉ። ሞሲፕ ለአገሮች ይፋ ያደረገው የመጫኛ መንገድም ኩበርኔቲስና የሄልም ቻርቶች ናቸው። ያንን ሁሉ በእጅ ያምል እየጻፈ የሚተክል ቡድን ዓመት ይፈጅበታል፤ ያኔም ሁለተኛ ጊዜ አንድ ዓይነት አድርጎ አይተክለውም።

ሞሲፕ ውስጥ ከምወዳቸው ነገሮች አንዱ የመመዝገቢያው ፕሮግራም ነው። አሻራና ፎቶ የሚወስደው ላፕቶፕ ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌ መዝግቦ፣ መረጃውን ቆልፎ አስቀምጦ፣ ኔትወርክ ሲያገኝ መላክ ይችላል። መስመር ሊጠፋ እንደሚችል ከመጀመሪያው ታስቦበታል። የዳታ ሴንተሩ ቻርቶች ግን፣ እንደ ሌላው ዓለም ሁሉ፣ ማንም ካልቀየራቸው ኢሜጅ የሚጠይቁት ዶከር ሃብን ነው። ለላፕቶፑ የተጠረጠረለት ነገር ለሰርቨሩ አልተጠረጠረለትም።

ጥርጣሬው የሚያስፈልገው ጦርነት ላለበት ብቻ አይደለም። ቢትናሚ የሚባለው ስብስብ ለዓመታት የሄልም ዓለም ዋና መደብር ነበር፤ ሙድልም ማሪያ ዲቢም ፖስትግሬስም፣ ንጹሕ ቻርት ከጥሩ ኢሜጅ ጋር፣ በነፃ። ቢትናሚን ቪኤምዌር ገዛው፣ ቪኤምዌርን ብሮድኮም ገዛው፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ብሮድኮም አብዛኞቹን ነፃ ኢሜጆች «ሌጋሲ» ወደተባለ ከእንግዲህ ወደማይታደስ ቦታ አዛወራቸው። የቻርቶቹ ኮድ እንደተከፈተ ቀረ። ብዙ ቻርቶች የሚጠቁሙት አድራሻ ላይ ግን ዕቃው አልተገኘም። ሳንቲያጎም ሙምባይም ያለ ባለሙያ በዚያን ጊዜ የመቀሌን ችግር ትንሽ ቁራጭ ቀመሰ፤ የእነሱ ግን በማግስቱ በሌላ አድራሻ ተተክቶ አለፈ። ክፍት ምንጭ የሚለው ፈቃድ ኮዱን እንጂ ማከማቻውን፣ ባንድዊድዙን፣ የአድራሻውን ኪራይ አይሸፍንም፤ ያንን የሆነ ሰው ይከፍላል፣ መክፈል ሲሰለቸው ያቆማል።

የዶከር ሃብ ገደብም እንዲሁ የማንም ክፋት የለበትም። መቶው የሚቆጠረው ግን በኢንተርኔት አድራሻ ነው። አምስት ሺህ ተማሪ በአንድ የጋራ አድራሻ ወደ ውጭ በሚወጣበት የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ ጠዋት አንድ የላብራቶሪ ክፍል ሲለማመድ ከሰዓት ሰርቨር ክፍሉ ተከልክሎ ሊገኝ ይችላል። በየቤቱ የራሱ አድራሻ ያለው የሲያትል ፕሮግራመር ገደቡን ላያውቀውም ይችላል።

መፍትሔው የታወቀ ነው፣ አሰልቺ ሥራ ስለሆነ ነው የሚተወው። የራስን ሬጂስትሪ በራስ ግቢ ማቆም። ሃርቦር የሚባለው የክፍት ምንጭ ሬጂስትሪ ለዚህ ይበቃል፤ የሚጠይቀው ደህና ዲስክ፣ ዩፒኤስ፣ በየጊዜው የሚያየው ሰው ነው። ከዚያ «ሄልም ፑል» ብሎ ቻርቱን ማውረድ፤ «ሄልም ቴምፕሌት» ብሎ ምንም ሳይጭኑ ሙሉውን ያምል ማስጻፍና በውስጡ የተጠሩትን ኢሜጆች በሙሉ መልቀም፤ ኢሜጆቹን ወደ ግቢው ሬጂስትሪ መገልበጥ፤ ቫልዩሱ ውስጥ የሬጂስትሪውን አድራሻ መቀየር። መለያ ስም ነገ ወደ ሌላ ኢሜጅ ሊዞር ስለሚችል ኢሜጁን በይዘቱ አሻራ፣ ሻ 256 በሚባለው ረጅም ቁጥር፣ መጥራት ይሻላል። ሄልም 3 ከጊዜ በኋላ ቻርትን እንደ ኢሜጅ እዚያው ሬጂስትሪ ውስጥ ማስቀመጥ ስለፈቀደ አሁን ሁለት ማከማቻ መጠበቅ ቀርቷል፤ ቻርቱና ዕቃው አንድ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2025 ህዳር የወጣው አራተኛው እትምም በዚሁ መንገድ ቀጥሏል።

ሁሉም ተሠርቷል ሲባል መፈተኛው አንድ ነው፦ ወደ ውጭ የሚወጣውን ኬብል ነቅሎ፣ ሰርቨሮቹን አጥፍቶ ማብራት፣ ከዚያም አንድ ባዶ ሰርቨር አምጥቶ ወደ ክላስተሩ መጨመር። የመጀመሪያዎቹ ይነሳሉ። አዲሱ ላይ ግን ብዙ ጊዜ አንድም ኮንቴይነር አይቆምም፤ ሙድልም ማሪያ ዲቢም ግቢው ሬጂስትሪ ውስጥ እያሉ። ምክንያቷ «ፖዝ» የምትባል፣ አንድ ሜጋባይት እንኳ የማትሞላ ኢሜጅ ናት። ኩበርኔቲስ እያንዳንዱን ፖድ (አብረው የሚነሱ ኮንቴይነሮች ስብስብ) ሲያስነሳ መጀመሪያ እሷን ያቆማል፤ ሥራዋ የፖዱን የኔትወርክ ቦታ ይዞ መተኛት ብቻ ነው። ማንም ቻርት ላይ አልተጻፈችም፣ «ሄልም ቴምፕሌት» አያወጣትም። አድራሻዋ ያለው በየሰርቨሩ ኮንቴይነሮቹን በሚያስኬደው የኮንቴይነርዲ ቅንብር ፋይል ውስጥ ነው፤ ወደ ግቢው ሬጂስትሪ የሚያዞራት ሰው እዚያ ገብቶ፣ በእያንዳንዱ ሰርቨር ላይ፣ በእጁ መጻፍ አለበት።